ያልቆረጥኩት ጭራ

በጡረታ ሽኝቴ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ የለም። በማግሥቱ ይዤው ሄድኩና ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጆቹ (ልጆች የምላቸው አሁን አለቆች የሆኑትን ነው) የተቀየምኩ መስሏቸው ደነገጡ። አልተቀየምኩም። የሰጡኝ ጋቢ ጥሩ ነው፤ የተነገረልኝም ንግግር ረጅም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያለ አንዳች ስህተት» ተብሎ ተጽፏል። ይታረም አልኳቸው። አንደኛው ሳቀና፣ «እማማ፣ የምስጋና ወረቀት እኮ ነው፤ የሁሉም ላይ እንዲሁ ነው የሚጻፈው» አለኝ። እንግዲያው የሁሉም ይታረም አልኩት።

ደግሞም የከተብኳቸው ከብቶች፣ የዞርኩባቸው ወረዳዎች፣ የተሳተፍኩባቸው ዘመቻዎች ሁሉ ተዘርዝረዋል። ድመት የሚል ቃል የለም። ግማሽ ዕድሜዬን «የድመት ሐኪም» እየተባልኩ ሲቀለድብኝ ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ ድመቶቼን ከወረቀት አወጡብኝ። ድመቶቹና ስህተቱ አብረው መጥፋታቸው አይገርመኝም፤ ድሮም አብረው ነው የኖሩት። እነሱ እስኪያርሙት ድረስ እኔ እዚህ ላይ አርመዋለሁ።

ጋምቤላ የመጣሁት ክልሉ ገና ክልል አሥራ ሁለት ተብሎ በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ ነው። ከጎሬ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ቁልቁለቱን ስወርድ ሹራቤን ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ መልሼ አልለበስኩትም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሰርተፊኬት ይዣለሁ፤ ወጣት ነኝ፤ የምፈራው ነገር የለም። መሥሪያ ቤቱም እንደ እኔ ጀማሪ ነበር። በሩ ላይ ያለው ታፔላ የድሮው ስሙ በቀለም ተሸፍኖ አዲሱ ገና አልተጻፈበትም። ማኅተሙ ከደመወዙ ቀድሞ መጣ። ስለ ደመወዙ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከፊቱ ትልቅ ማንጎ ዛፍ፣ ከዛፉ አጠገብ ከብት የሚያዝበት የእንጨት አጥር አለ። ሥራችን ከብት ነበር፤ በዕቅዱም በሪፖርቱም ላይ ያለው ከብት ነው። ነገር ግን መጥቼ ሳልከርም አንዲት ሴት የቆሰለ ድመት በዘንቢል ይዛ መጣች። ጋምቤላ ውስጥ ድመት ለጌጥ አትቀመጥም። በቆሎውን ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ባሮ ሞልቶ እባቡ ወደ ቤት ሲጠጋም ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ሴትየዋ ለቅንጦት አልመጣችም። ድመቷን አከምኩና መዝገብ ላይ ጻፍኳት።

ኃላፊዬ መዝገቡን ሲያይ ጠራኝ። የመንግሥት መድኃኒት ለድመት የሚውልበት ምክንያት ምን እንደሆነ እንዳስረዳው ጠየቀኝ። መሥሪያ ቤቱ የእንስሳት ጤና ነው የሚባለው፤ ድመት እንስሳ ካልሆነች ምን እንደሆነች በጽሑፍ ይገለጽልኝ ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። መልስ አልመጣም። መልስ ካልመጣ ተፈቅዷል ማለት ነው ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊዬ ባየኝ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ድመት?» ይለኛል፤ እኔም ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ይህ መቁጠር በኋላ ምን እንዳመጣብኝ እደርስበታለሁ።

ሥራ ያስተማሩኝ አቶ ኡጁሉ ናቸው። የአገሩ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚቆሙ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ ሰው ነበሩ። አማርኛ የተማሩት አድገው ነው። ወንድ ሴት ሳይለዩ ሁሉንም «አንተ» ይላሉ። በዚህ የሚስቁ ነበሩ። እሳቸው አራት ቋንቋ ይናገራሉ፤ የሚስቁባቸው ሰዎች ግን በእሳቸው ቋንቋ ደህና አደሩ እንኳን ማለት አያውቁም። እኔ «አንተ» መባሉን ወደድኩት።

አቶ ኡጁሉ ድመት በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። የከብቱን ትልቅ ሲሪንጅ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ቁልፉ ባንገታቸው ባለ ክር ላይ ነው። ከዚያ ድመቷን ዘንቢል ውስጥ ከተው ከማንጎው ቅርንጫፍ በተሰቀለው የዓሣ ነጋዴ ሚዛን ይመዝኗታል፤ የዘንቢሉን ክብደት ይቀንሳሉ፤ ከዚያ እርሳስ ያነሳሉ። እኔ «ስንት ሲሲ ልስጥ?» ስል አይመልሱልኝም። «ስንት ሚሊግራም?» ብዬ ሳስተካክል ነው ቀና የሚሉት። ሲሲ የውሃው መጠን ነው፤ ብልቃጥ ሲለወጥ በአንዱ ሲሲ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይለወጣል ይሉኝ ነበር። ከብት ላይ ትንሽ ቢያልፍ ከብቱ ይሸከመዋል፤ ድመት ላይ አንድ ጠብታ ብዙ ነው።

በዚያን ጊዜ እጃችን ላይ የነበረው ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት ነጭ መርፌ ነው። ፔንስትሬፕ እንለዋለን። አቶ ኡጁሉ ለድመት አይወዱትም። ስትሬፕቶማይሲኑ ለድመት ጆሮ መጥፎ ነው፤ ሲበዛ መስሚያዋን ይገድላል፤ አቋቋሟን ያጠፋል ብለው ደጋግመው ነግረውኛል። ሌላ ስለሌለን ብቻ፣ በትንሹ ሲሪንጅ፣ በቀን አንዴ፣ ለሁለት ቀን። ከዚያ በላይ የለም።

ይህን ትምህርት ከሰማሁ በኋላ እኔ ሰባኪ ሆንኩ። ሰው የራሱን የተረፈ ቀይና ቢጫ እንክብል ከፍቶ ለድመቱ በወተት በጥብጦ ሲሰጥ ካገኘሁ አልለቀውም። ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም እያልኩ የስንቱን አፍ አስዘግቻለሁ። ይህንን የምጽፈው ያፈርኩትን ሁሉ በደንብ እንድታውቁልኝ ነው።

ሌላው የአቶ ኡጁሉ ልማድ መቀስ ነው። አቦቦ ለክትባት ስንወርድ ገበሬዎቹ፣ የሰፈሩትም የአገሩም ልጆች፣ ከብታቸውን ከንጋት ጀምረው ያሰልፋሉ። አቶ ኡጁሉ አንዱን ከወጉ በኋላ ከጅራቱ ጫፍ ላይ ጭራውን ቆረጥ ያደርጋሉ። ከሰዓት ላይ አንድ ሰውዬ ወፍራም በሬውን ይዞ ዞሮ መጣ። መርፌው ሁለት ጊዜ ቢሆንለት በሬው ሁለት እጥፍ የሚጠነክር መስሎታል። አቶ ኡጁሉ ፊቱን አላዩም፤ ጅራቱን አዩና በሬውን በእጃቸው ገፋ አድርገው አሳለፉት። ያን ዕለት ስንመለስ መኪናው ላይ፣ «ባለቤት ይረሳል፤ መዝገብ ይረሳል፤ ጅራት አይረሳም» አሉኝ። ድመትም ላይ ያደርጉታል፤ ከጅራቷ ጫፍ ትንሽ ጸጉር። እኔ ግን ድመት ላይ ተውኩት። ባለቤቷ ፊቴ ቆሟል፤ ስሙን ጽፌአለሁ፤ ይህ የከብት መንጋ አይደለም አልኩ። እውነቱን ለመናገር የድመት ጅራት መቀስ ይዤ ስቆርጥ ሰው እንዳይስቅብኝም ፈርቻለሁ።

አንድ ሰሞን አቶ ኡጁሉ አቦቦ ወርደው ክሊኒኩን ለእኔ ብቻ ተዉልኝ። የድመት ጠብ የበዛበት ወቅት ነበር፤ የተነከሰ ሁሉ ይመጣል። ድመት እንዳትቧጭረኝ በጆንያ ጠቅልዬ የምወጋውን እግር ብቻ አውጥቼ መሥራት ለምጃለሁ። በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማማ አሪየት መጡ። የደረቀ ዓሣ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። ድመታቸው ሱዛና ትባላለች፤ ከጅራቷ ሥር ታፋዋ ላይ ተነክሳ መግል ቋጥራለች። አፈረጥኩ፣ አጠብኩ፣ መዘንኩ፣ ወጋሁ። ቀትር ላይ ቾል መጣ። ቾል አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዕቃ ጫኝ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሥራው ያበቃል። ድመቱ ካፒቴን ይባላል፤ እሱም ታፋው ላይ ተነክሷል። የእሱ ቁስል ግን ፈርጦ ጥርት ብሎ ታጥቧል። ቁስል እንዲህ ነው የሚያዝ ብዬ ቾልን አመሰገንኩት። ደስ አለው። ወጋሁ። ወደ ማታ ግድም፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ መምህር ደምሴ መጣ። ከደጋ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ድመቱን ቡሬ ይላታል። ታፋዋ ላይ ቁስል። ወጋሁ። ኃላፊዬ ሲወጣ «ዛሬስ ስንት ድመት?» አለኝ፤ «ሰባት» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። በማግሥቱም ሦስቱም በየሰዓታቸው መጡ፤ ወጋሁ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ኡጁሉ ተመልሰዋል። ቾል ከሥራ ቀርቶ በጠዋቱ ካርቶን ታቅፎ መጣ። «ካፒቴን ሰክሯል» አለኝ። ካርቶኑን መሬት ላይ ስንከፍተው ድመቷ ለመቆም ሞከረችና በጎኗ ወደቀች። ተነሳች፤ ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ እንደገና ወደቀች። ከኋላዋ አጨበጨብኩ። ዘወር አላለችም።

ጆንያ ስላልነበረ ድመቷን ሙሉዋን ያየኋት ያኔ ነው። ሴት ናት፤ አንድ ጆሮዋ ጫፉ ተቀዷል። ቆሜ ሳያት ማማ አሪየት ከግቢው በር ገቡ። ሱዛና ከንጋት ጀምራ ጠፍታባቸው ሲፈልጓት ቾል በካርቶን ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው ነግሯቸዋል። ካርቶኑን አዩና «ይሄ ሱዛና ነው» አሉ። ጥቂት ቆይቶ መምህር ደምሴም ቡሬ አጥሩ ሥር ስታስመልስ አይቷት ስለነበር እየተጣደፈ መጣ።

ሦስቱ ጎረቤቶች ናቸው። በአጥር የተለያዩ፣ አንድ ቧንቧ የሚጠቀሙ ሦስት ቤቶች። ድመቷ ጠዋት ማማ አሪየት ጋ ዓሣ ትበላለች፤ ቀትር ላይ ቾል ጥላ ሥር ትተኛለች፤ ማታ መምህሩ እግር ሥር ትጠቀለላለች። እያንዳንዳቸው የኔ ናት ይላሉ፤ ሌላ ቦታ የት እንደምትውል የጠየቀ የለም።

ማንም ሰው ያኔ መርፌ ትዝ አላለውም። ትዝ ያላቸው መርዝ ነው። ማማ አሪየት መምህሩ ባለፈው ወር የአይጥ መርዝ እንደገዛ ያውቃሉ። መምህሩ የቾል ሚስት በአጥሩ ቀዳዳ የምትጥለው ምግብ ምንድን ነው አለ። ቾል የሁለቱንም ፊት ያያል። በዚያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ሰበብ አያጣም ነበር፤ ማን ከየት መጣ፣ ማን የማን ወገን ነው የሚለው ወሬ የየዕለት ነገር ሆኗል። ማማ አሪየት በመጨረሻ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ቧንቧው ግቢዬ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሩን እዘጋለሁ» አሉ። የቾል ሚስት አራስ ናት፤ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ እንደምትቀዳ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ተንበርክኬ የድመቷን ታፋዎች በጣቴ እየገለጥኩ ነበር። ሦስት ነጥብ በቀኝ፣ ሦስት ነጥብ በግራ። አቶ ኡጁሉ ከጀርባዬ ጎንበስ አሉና ነጥቦቹን አዩ፤ ከዚያ ጅራቷን በእጃቸው አንስተው ጫፉን አዩ።

«ጭራ አልቆረጥክም» አሉኝ።

ሲቆጡ እንኳን ቃል አያበዙም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ኃላፊዬ ጫጫታውን ሰምቶ ኖሮ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ነገሩን ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ድሮም ድመት አትንኪ ብዬሽ ነበር አለኝ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ፣ «እነሱ ራሳቸው የአይጥ መርዝ ነው ብለዋል። ይሁንላቸው። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ነው፤ ስሙ በዚህ ከተነሳ ነገ ከብቱንም የሚያመጣልን የለም አለ። መዝገቡ ላይ ያለውን ገጽ ቅደጂው፤ ሦስቱም በመርዝ ተብሎ በአዲስ ገጽ ይጻፍ አለኝ።

የፈራሁት ለሥራዬ ነበር፤ አልዋሽም። ቋሚ ቅጥሬ እንኳን ገና አልጸደቀም። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ማማ አሪየት ነጠላቸውን አጥብቀው ሊሄዱ ሲነሱ ይታዩኛል፤ ከዚህ ወጥተው ቀጥታ የሚሄዱት በሩን ሊዘጉ ነው። እኔ ዝም ካልኩ ሦስት ቤት እኔ በሠራሁት ነገር እየተጠራጠረ ሊኖር ነው። ተነሳሁ። ኃላፊዬ ገና አልጨረስኩም አለኝ። እኔ ጨርሻለሁ አልኩት።

ወጥቼ ሦስቱ ፊት ቆምኩ። «ማንም አልመረዛትም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። የሚገባት ሁለት መርፌ ነበር፤ ስድስት ወጋኋት። ሦስት ድመት መስላኝ ነው።»

ቀድሞ የተናገረው ቾል ነው። «ያመሰገንሽኝ ቁስል፣ አንቺ ራስሽ ያጠብሽው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሊስቅ ፈልጎ አፈረ። መምህር ደምሴ ወጣ፤ በማግሥቱ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፈብኝ። አነበብኩት፤ አንድም የተጋነነ ነገር የለበትም። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ መጠኑን ከእኔ በተሻለ አስልቶታል። ማማ አሪየት ተመልሰው ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይሞታል?» አሉ።

«አላውቅም» አልኩ።

የስትሬፕቶማይሲን ማርከሻ መርፌ የለንም። ያለን ውሃ ብቻ ነው። አቶ ኡጁሉ ሆስፒታል ሄደው ከሚያውቁት ነርስ ሁለት ከረጢት ግሉኮስ ለመኑ፤ የጨው ውሃውንም አገኙ። የጨው ውሃውን ከድመቷ ቆዳ ሥር በጥቂት በጥቂቱ እንሰጣለን፤ ኩላሊቷ መድኃኒቱን እንዲያወጣ። ማንጎው ሥር ማማ አሪየት እያቀፏት፣ ቾል ከረጢቱን ከፍ አድርጎ እየያዘ፣ እኔ እየቆጠርኩ። ከሰዓት በኋላ መምህሩም ይመጣል። አያናግረኝም፤ ግን ከረጢቱን ከቾል ይቀበላል። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ድመቷ ራሷ ተነስታ ዓሣ በላች። ጭንቅላቷ ትንሽ እንዳዘመመ ቀረ። መስማት ግን አልተመለሰላትም።

የቧንቧው በር አልተዘጋም።

በእነዚያ ቀናት በአንደኛው መዝገቡን አውጥቼ እነዚያን ስድስት መስመሮች በቀይ እስክርቢቶ አያይዤ ከሥራቸው ጻፍኩ። አቶ ኡጁሉ ደግሞ ከእኔ ጽሑፍ በታች የሆነ ነገር ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ አላሳዩኝም። ከዚያ መዝገቡን ትልቁ ሲሪንጅ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ኃላፊዬ ራሱ ሊቀደው መጥቶ ቁልፍ ሲጠይቃቸው፣ ጠፍቷል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። ክሩን ከሸሚዛቸው ውስጥ አውጥተው ቁልፉን አሳዩት። «ቁልፍ እዚህ አለ። አልሰጥም» አሉ።

እኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ወደ ማታር ተዛወርኩ። ኃላፊዬ ቅጣት መስሎት ነው። በባሮ ላይ በጀልባ ስወርድ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው አዲስ ነገር መቀስ ብቻ ነው። ማታር ከድንበር የሚመጣውም የሚሄደውም የሚገናኝባት ቦታ ናት፤ የነጋዴው መጋዘን ሁሉ እህል አለበት፣ እህል ባለበት ሁሉ ድመት አለ። እዚያም ድመት አከምኩ። ጭራ ስቆርጥ ሳቁብኝ። ይሳቁ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ነጋዴ የጎረቤቱን ድመት ይዞ መጥቶ ጅራቷን ቀድሞ ሲያይልኝ ሳቁ ቆመ።

ኃላፊው ተቀይሮ ጋምቤላ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ማማ አሪየት ጋ ነው። ድመቷ የዓሣው ማስጫ ሥር ተኝታ ነበር። ሦስቱም ቤት አሁንም በየስሙ ነው የሚጠራት፤ ስለማትሰማ አንዱ በሌላው ስም አይከፋም። ሲፈልጓት መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ፤ ንዝረቱ ሲደርሳት ቀና ትላለች። ወደ ክሊኒክ የሚያመጧት ግን ማማ አሪየት ብቻ እንዲሆኑ ሦስቱ ተስማምተዋል። መምህር ደምሴ አጥሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ወደ ድመቷ ስጠጋ መሬቱን ቀስ አድርጌ መታሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ማልቀሴን አልደብቅም።

አቶ ኡጁሉ ካረፉ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ለልጆቹ የነገርኳቸው ወረቀቱን የመለስኩ ዕለት ነው። አላመኑኝም መሰለኝ፤ አንዱ፣ ማስረጃ አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። ወደ አሮጌው ዕቃ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ቁም ሣጥኑ ከእነ መዝገቡ እዚያው ነው፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣ ገጹ ግን አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

«ስድስቱም መርፌ የተሰጠው ለአንዲት ድመት ነው። ሦስቱ ባለቤቶች አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከሥሩ፣ በዚያ ዘገምተኛ የአቶ ኡጁሉ እጅ፣ አንድ መስመር አለ። ያኔ ያላሳዩኝ እሱ ነው። «አይቻለሁ። አሁን ጭራ ተቆርጧል» ይላል።

ሳቁ ቀርቷል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስንመለስ ያ መጀመሪያ የሳቀው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና፣ «እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«ያነበብኩልህን» አልኩት።

አዲሱ ወረቀት እስካሁን አልመጣም። ግድግዳው ላይ ቦታውን መርጫለሁ፤ ሚስማሩንም መትቻለሁ።